በጥንት የጃፓን ጎራዴ ብረት ላይ የማየውን ነገር እንዴት ልመርምር?

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሲሄዱ፣ አባታቸው በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ከጃፓን ይዘውት የተመለሱትን አንድ ጎራዴ ለእኔ ሰጥተውኝ ሄዱ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ላለፉት ሦስት ሳምንታት ማታ ማታ እያወጣሁ ስመለከተው ቆይቻለሁ፤ ሆኖም የማየው ነገር እውነተኛ የብረቱ መልክ ይሁን የዓይኔ ስሕተት መለየት አቅቶኛል።

እጀታውና አፎቱ የወታደር ናቸው፤ አፎቱ ቡናማ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ስለት ያለው ክፍል ከመጋጠሚያው እስከ ጫፉ ቀጥታ ሲለካ 67 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ቦታ ላይ ጥቁር የዝገት ነጠብጣብ ከመኖሩ በቀር ንጹሕ ነው። ስለቱን ተከትሎ፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ነጭ ቀበቶ አለው። ግራ ያጋባኝም እርሱ ነው፤ ፊት ለፊት ሳየው ኖራ የተቀባ ይመስል ሰፋ ብሎና ደብዝዞ ይታያል፣ ጎራዴውን ወደ መብራቱ ሳዘነብለው ደግሞ ያ ነጭ ይጠፋና በውስጡ ሌላ ቀጭን፣ የበለጠ የሚያበራ፣ ቅርጹም የተለየ መስመር ብቅ ይላል። ከመስመሩ በላይ ባለው ግራጫ ገላ ላይ የእንጨት ጣውላ ውስጥ የምናየውን የመሰለ ጅማት አያለሁ፤ በአንድ ወገን፣ መሐል አካባቢ ግን ጅማቱ ጠፍቶ አንድ ጋት ያህል ቦታ ፈዞ ቀርቷል።

ከሁለቱ መስመሮች የብረቱ የራሱ የትኛው ነው? በምን ዓይነት መብራት፣ በምን አቅጣጫ ላየው ይገባል? ደግሞስ የፋብሪካ ሥራ ይሁን የጥንት፣ ብረቱን ብቻ አይቶ ማወቅ ይቻላል? አንድ ወዳጄ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ዝገቱን እንዳስለቅቅ መክሮኝ ነበር፤ እስካሁን ምንም አልነካሁትም።

መልስ፦ ዘጠኝ ዓመት በቶኪዮ

ዓይንዎ አላሳሳተዎትም፤ ሁለቱም መስመሮች በብረቱ ላይ አሉ። ሰፊውና ኖራ የመሰለው ነጭ የወልዋዩ እጅ ሥራ ነው፤ ዘንበል ሲያደርጉት ብቅ የሚለው ቀጭን መስመር ደግሞ ጎራዴው በእሳትና በውሃ መካከል ባለፈበት ቅጽበት የተፈጠረ ነው። ይህን ሁለተኛውን ጃፓኖች ሃሞን ይሉታል። የመጀመሪያው ሃዶሪ ይባላል፤ በሜጂ ዘመን፣ ማለትም ከ1868 በኋላ፣ የተስፋፋ የውልወላ ስልት ነው። ወልዋዩ ከለስላሳ የመሳያ ድንጋይ የተቀረፈ፣ እንደ ጥፍር የቀጠነ ስባሪ በአውራ ጣቱ ሥር ይዞ የስለቱን ዳርቻ ደጋግሞ እያሸ ያነጣዋል፤ ሲያነጣም የሃሞኑን ቅርጽ በግርድፉ ይከተላል እንጂ እያንዳንዱን እጥፋት አይከተልም። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚያየው ሰው የሚያየው የወልዋዩን ትርጓሜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሳሺኮሚ የተባለው ስልት ግን ነጭ ሳይጨምር የሃሞኑን የራሱን መልክ ያወጣል።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ክፍሉን አጨልመው አንድ አምፖል ብቻ ያስቀሩ፤ ሽፋን የሌለው፣ ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ይሁን፤ ቦታውም ከፊትዎ፣ ከራስዎ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን። ጎራዴውን ጫፉን ወደ አምፖሉ አቅጣጫ ዘርግተው ይያዙት። የአምፖሉ ምስል በብረቱ ላይ እንደ ትንሽ ጸሐይ ሲያርፍ ያያሉ። ያንን ጸሐይ ሳይሆን ዳርና ዳሩን ይመልከቱ፤ የሚፈልጉት ነገር የሚገኘው ብርሃኑ ሊያልቅ ጥላው ሊጀምር ሲል ባለው የጣት ስፋት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ጎራዴውን በዝግታ ወደ ራስዎ እየሳቡ ያንን ብርሃን ከሥር እስከ ጫፍ ያስኪዱት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የሙዚየም መስታወት ፊት ቆሜ ምንም ሳላይ እመለስ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን አጥፈው ከታች ወደ ላይ ሲመለከቱ አየሁና እኔም ጎንበስ ስል፣ ያ ግራጫ ብረት ከዳር እስከ ዳር በራ።

በሃሞኑ ጠርዝ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። የደብረ ብርሃንን የጥቅምትና የኅዳር ማለዳ የሚያውቅ ሰው ሣሩ ላይ የሚቀመጠውን አመዳይ ያስታውሳል፤ አንድ አንዱ ቅንጣት ለብቻው ብልጭ ይላል። በጠርዙ ላይ እንደዚያ ለብቻቸው የሚታዩ ቅንጣቶች ካሉ ኒኤ ይባላሉ። ቅንጣቱ አንድ በአንድ የማይለይ፣ ከሩቅ እንደሚታይ ጉም አንድ ላይ የነጣ ከሆነ ደግሞ ኒዮይ ነው። በመሠረቱ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፤ ልዩነታቸው የቅንጣቱ መጠን ነው። ይህች ልዩነት ግን ብዙ ትናገራለች፤ በካማኩራ ዘመን (1185–1333) መገባደጃ በሳጋሚ አውራጃ የሠራው ማሳሙኔና ተከታዮቹ በኒኤ የታወቁ ሲሆኑ፣ የቢዘን፣ የዛሬው ኦካያማ፣ አንጥረኞች በአብዛኛው በኒዮይ ይታወቃሉ። በሃሞኑ ውስጥ ደግሞ እንደ መብረቅ ቀጭን ሆነው የሚያበሩ ክሮች ካዩ ኪንሱጂ ናቸው፤ አሸዋ በመጥረጊያ እንደተጠረገ ጎን ለጎን የተጋደሙ ጭረቶች ካዩ ሱናጋሺ ይባላሉ።

ገላውን ለማየት ግን ይህ መብራት አይመችም። ለእርሱ የቀን ብርሃን፣ በተለይም ደመናማ ቀን በመስኮት የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ይሻላል፤ ጎራዴውንም ወደ ዓይንዎ ቀረብ ያድርጉት። የጣውላ ጅማት ያሉት ሃዳ ይባላል። በርዝመቱ ከተጠረበ እንጨት እንደሚታየው የተዘበራረቀ ከሆነ ኢታሜ፣ የእንጨት ቋጠሮ የመሰለ ክብ ክብ ካለበት ሞኩሜ፣ ቀጥ ብሎ ከሥር እስከ ጫፍ ከወረደ ማሳሜ ነው፤ ይህ የመጨረሻው የያማቶ፣ የዛሬው ናራ፣ አንጥረኞች መለያ ነው። ጋሳን የተባለው የአንጥረኞች ቤተሰብ ደግሞ እንደ ማዕበል የሚታጠፍ፣ አያሱጊ የተባለ ጅማት አለው፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ነው ብለው እንዳያልፉት አንድ ምሳሌ ልስጥ። በኡዌኖ በሚገኘው የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ሚካዙኪ ሙኔቺካ የሚባል፣ በሄይአን ዘመን (794–1185) የኪዮቶው ሳንጆ ሙኔቺካ የሠራው፣ ስለቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሔራዊ ቅርስ አለ። ሚካዙኪ ማለት አዲስ የወጣች ጨረቃ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በሃሞኑ ጠርዝ ላይ ሲያዘነብሉት ብቅ ከሚሉ ትንንሽ የጨረቃ ቅርጾች ነው። የጎራዴው ስም የወጣው እንግዲህ እርስዎ አሁን ከሚፈልጉት ዓይነት ምልክት ነው።

መልስ፦ የብረት መምህር፣ አዲስ አበባ

ከላይ የተጻፈው እንዴት እንደሚታይ በሚገባ ያስረዳል፤ እኔ ለምን እንደዚያ እንደሚታይ ልጨምር፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ይቀለዋልና።

የጥንቱ ጎራዴ የሚሠራበት ብረት ታማሃጋኔ ይባላል። ታታራ በተባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ የብረት አሸዋና የእንጨት ከሰል እየተፈራረቁ፣ ወናፉ ሳያቋርጥ፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከነደደ በኋላ ምድጃው ፈርሶ የሚወጣ ነው። ዛሬም በሺማኔ ግዛት፣ በ1977 ዳግም በተጀመረ አንድ ታታራ ውስጥ ይሠራል። ከምድጃው የሚወጣው ብረት ካርቦኑ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ቁራጭ ጠንካራ ሌላው ለስላሳ ነው። አንጥረኛው ቀጥቅጦ ያጥፈዋል፣ እንደገና ቀጥቅጦ ያጥፈዋል። 10 ጊዜ ቢታጠፍ 1,024 ንጣፍ፣ 15 ጊዜ ቢታጠፍ 32,768 ንጣፍ ይሆናል። መታጠፉ ቆሻሻውን ያስወጣል፣ ካርቦኑንም ያመጣጥናል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አንድ አያደርገውም። እርስዎ በገላው ላይ የሚያዩት ጅማት እነዚህ ንጣፎች እርስ በርሳቸው ጥቂት ስለሚለያዩ የሚታይ ነው። ኪንሱጂና ሱናጋሺም ከዚሁ ከንጣፎቹ ልዩነት የሚመጡ ናቸው፤ የንጣፉ ጅማት ሃሞኑን ሲያቋርጥ የሚሰጠው መልክ ነው። በገላው ላይ ተመሳሳይ ጥቁር የሚያብለጨልጭ መስመር ካገኙ ቺኬይ ይባላል።

ሃሞን የሚወለደው በመጨረሻ ነው። አንጥረኛው በጎራዴው ላይ ሸክላ ይቀባል፤ በጀርባውና በገላው ወፍራም፣ በስለቱ በኩል ስስ አድርጎ። ከዚያ እስከ 750 ወይም 800 ዲግሪ ሴልሺየስ አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ሸክላው የሳሳበት ስለት በቅጽበት ይቀዘቅዝና ማርቴንሳይት ወደሚባል እጅግ ጠንካራ ብረትነት ይለወጣል፤ ሸክላው የወፈረበት ጀርባ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስለስ ያለ ፐርላይት ሆኖ ይቀራል። ማርቴንሳይት ከቀድሞው ብረት ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ ስለቱ ሲለጠጥ ጀርባውን እየገፋ ጎራዴውን ያጎብጠዋል። ስለዚህ ያ ውብ ጉብጠት ከፊሉ የመዶሻ፣ ከፊሉ ግን የውሃው ሥራ ነው። ኒኤና ኒዮይ የሚባሉት እነዚሁ የማርቴንሳይት ቅንጣቶች ናቸው፤ ብረቱ ይበልጥ ሲግል ቅንጣቱ ይተልቃል፣ ሙቀቱ ሲያንስ ይደቅቃል። ጠንካራውና ለስላሳው ብረት ለድንጋዩ እኩል ስለማይበገሩ ብርሃንን በየራሳቸው መንገድ ይመልሳሉ።

እንግዲህ የፋብሪካውን ለመለየት ይህን ይያዙ። ለጦርነቱ በብዛት የተሠሩት ብዙዎቹ ጎራዴዎች ከተራ የፋብሪካ ብረት ተሠርተው ዘይት ውስጥ የተነከሩ ናቸው። ብረቱ ወጥ ስለሆነ ጅማት አይታይባቸውም፤ ሃሞናቸውም ብዙ ጊዜ ሕይወት የሌለው፣ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። በ1935 ለበታች ሹማምንት የወጣው ሞዴል በማሽን የተሠራ ነው፤ በብረቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር ተመትቶበታል። ከዚህም የከፋው በአሲድ የተበላ ሐሰተኛ መስመር ነው፤ እርሱን 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲያዩት በጠርዙ ላይ ቅንጣትም ጉምም የለም፣ የደበዘዘ ግራጫና የጠራ ግራጫ ድንበር ብቻ ነው፤ ቢያዘነብሉትም አይለወጥም። የእርስዎ መስመር ሲያዘነብሉት ተለውጧል፤ ጅማትም አይተዋል። አፎቱ የወታደር መሆኑ ደግሞ አያስፈርድበትም፤ የ1934ቱና የ1938ቱ የመኮንኖች ሞዴል ሲወጣ ብዙ መኮንኖች የአያት ቅድመ አያታቸውን ጎራዴ አውጥተው በአዲሱ እጀታ አስገጥመው ይዘምቱ ነበር።

መልስ፦ ፍራንክፈርት

እባክዎ የወዳጅዎን ምክር አይስሙ። ይህን የምለው ባየሁት ነገር ነው። የባለቤቴ አጎት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙትን እንዲህ ያለ ጎራዴ ቢላዋ ወደሚስል አንድ ሱቅ ወስደውት፣ ሰውየው በሚሽከረከር ማሽን አብለጭልጮ መለሰላቸው። እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሃሞኑ ግን ጠፍቷል፤ ገላው ላይ የነበረው ጅማት ተድጧል፤ ከሁሉም የከፋው ጫፉ ነው። በጫፉ ላይ ሃሞኑ ዞሮ ወደ ጀርባው የሚመለስበት ቦሺ የሚባል ክፍል አለ፤ ማሽኑ ጫፉን ሲያሳጥረው ጠንካራው ብረት እዚያ ቦታ ላይ አለቀ። ይህን ማንም አይመልሰውም፤ እንደገና ማጋል ማለት ሌላ ጎራዴ መሥራት ነውና። ጫፉን ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

ስለዚህ አልኮል በነካው ለስላሳ ጨርቅ አሮጌውን ዘይት ከጀርባው በኩል ይዘው በጥንቃቄ ይጥረጉት፤ ተመልክተው ሲጨርሱ እጅግ ስስ አድርገው ዘይት ይቀቡት፤ በልማድ የሚጠቀሙበት የቅርንፉድ ዘይት የተጨመረበትን ነው። በጣትዎ አይንኩት፣ በላዩም አይናገሩ፤ ትንፋሽ ርጥበት አለው። የቀርከሃውን ችንካር ነቅለው እጀታውን ካወለቁ፣ እጀታው ውስጥ የሚገባውን፣ ናካጎ የሚሉትን ክፍል ዝገት ፈጽሞ አያስለቅቁ። ያ ጥቁር ቡናማ ዝገት ባለሙያ ዕድሜውን የሚያነብበት ነው፤ የተፋቀ ናካጎ ምስክርነቱን ያጣል።

ስም ቢያገኙበትም ቶሎ አይመኑ። የታላላቅ አንጥረኞች ስም በሐሰት የተቀረጸባቸው ጎራዴዎች ብዙ ናቸው። ጃፓን ውስጥ አዋቂዎች ሲፈተኑ ናካጎው ተሸፍኖ ብረቱ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ የሠራውን አንጥረኛ ከብረቱ አንብበው ይናገራሉ።

ጠያቂው፦ ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትላንት ማታ ያላችሁትን አደረግሁ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አምፖል ብቻ አስቀርቼ ጫፉን ወደ እርሱ ዘረጋሁ፤ መጀመሪያ ላይ የአምፖሉ ጸሐይ ዓይኔን ወጋው እንጂ ምንም አልታየኝም። ክንዴን ዝቅ አድርጌ ጸሐዩን ወደ ጀርባው ስገፋው ግን ኖራው ጠፋና ከሥሩ የሚያበራ ቀጭን ጉም ወጣ፤ እንደ ቅርንፉድ እምቡጥ ጫፉ ክብ የሆነ እብጠት፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ሸለቆ፣ እንደገና እብጠት። ለብቻው ብልጭ የሚል ቅንጣት ያገኘሁት በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ሳየው ደግሞ፣ ከሃሞኑ በላይ ጠቆር ያለ ጠባብ ሜዳ፣ ከእርሱም በላይ ትንፋሽ እንደነካው መስታወት ነጣ ያለ ጥላ አለ።

ናካጎው ላይ ስም የለም፤ የችንካር ቀዳዳው ሁለት ነው። አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል፤ ከመጋጠሚያው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ስለቱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየሁ።

መልስ፦ ዘጠኝ ዓመት በቶኪዮ

ከአስደነገጠዎት ልጀምር። ስለቱን በቀጥታ የሚያቋርጥ ስንጥቅ ሃጊሪ ይባላል፤ ከእንከኖች ሁሉ የሚፈራው እርሱ ነው፤ ጠንካራው ብረት ተሰንጥቋል ማለት ነውና። መጀመሪያ ግን ጎራዴውን ገልብጠው በሌላው ወገን በዚያው ቦታ ይመልከቱ፤ ሃጊሪ ብዙ ጊዜ ስለቱን አቋርጦ በሁለቱም ወገን ይታያል። ቀጥሎ በመነጽር እያዩ ብርሃኑን ከግራ ወደ ቀኝ ያዙሩት። ጭረት ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ጎልቶ በሌላው ይጠፋል፤ ስንጥቅ ግን ብርሃኑ ከየትም ቢመጣ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ከሃሞኑ በላይ ያዩት ጥላ ልቤን አሙቆታል። ኡትሱሪ ይባላል፤ ከሃሞኑ በጠቆረ ሜዳ የተለየ፣ በገላው ላይ የሚያንዣብብ ጉም ነው፤ በተለይ በቢዘን ጥንታዊ ሥራዎች ላይ ይታወቃል። የቅርንፉድ እምቡጥ ያሉትን ቅርጽ ጃፓኖችም በዚያው በቅርንፉድ ስም ቾጂ ይሉታል፤ ኒዮይ፣ ቾጂና ኡትሱሪ አንድ ላይ ሲገኙ ዓይን ወደ ቢዘን ይሄዳል። በርቀት ሆኖ ፍርድ መስጠት ግን ተገቢ አይደለም፤ ሌሎች አንጥረኞችም የቢዘንን ስልት ይከተሉ ነበር። ሁለቱ ቀዳዳዎች ጎራዴው ከሥሩ አጥሮ አዲስ እጀታ እንደተገጠመለት ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ስም አለመኖሩም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ሲቆረጥ ስሙ አብሮ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

መሐል ላይ የፈዘዘው አንድ ጋት ቦታ ያሳስበኛል። ጎራዴ ብዙ ጊዜ በውጭ ጠንካራ ብረት፣ በውስጡ ለስላሳ ብረት ተደርጎ ይሠራል፤ ለዘመናት ደጋግሞ ሲወለወል የውጪው ቆዳ ሳስቶ የውስጡ፣ ሺንጋኔ የሚባለው፣ ጅማት የሌለው ፈዛዛ ሆኖ ይወጣል። ጎራዴው አርጅቷል፣ ብዙ ውልወላም አይቷል ማለት ነው፤ ለሌላ ውልወላ ብዙ ብረት ላይተርፈው ይችላል። ስለዚህ ወደ ወልዋይ ከመላክዎ በፊት ለአዋቂ ያሳዩት፤ በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር እዚህ ቶኪዮ መርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

እስከዚያው ሃሞኑን በእጅዎ ይሳሉት። ቀጭን ወረቀት በጎራዴው ላይ አስተኝተው የዙሪያውን ቅርጽ ካወጡ በኋላ፣ ብረቱን በመብራት እያዩ እያንዳንዱን እብጠትና ሸለቆ በእርሳስ ያስገቡ። ጃፓኖች ኦሺጋታ ይሉታል፤ ፎቶግራፍ ያላሳየኝን ብዙ ነገር ያሳየኝ እርሱ ነው።

ጠያቂው፦ ከሜሪላንድ

መስመሩ በሌላው ወገን የለም፤ መብራቱን ወደ ግራ ሳዞረውም ጠፋ። ጭረት ነው፤ እፎይ ብያለሁ። ወረቀቱን ዛሬ ማታ ዘርግቼ ከሥሩ ጀመርኩ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ የደረስኩት 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አምስተኛው እብጠት ውስጥ ከአሁን በፊት ያላየሁት፣ ወደ ስለቱ የሚወርድ አንድ የሚያበራ ክር አገኘሁ።